የሚጣለው ልጣጭ፣ የሚተርፈው ዱቄት
ሎሚና ብርቱካንን በቤት ውስጥ አድርቆ የመጠቀም ዘዴ

የሎሚ ገበያ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ማለዳ በመደብ በመደብ ተደርድሮ ጥሩ ዋጋ የሚጠራለት ሎሚ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገዢው ይሳሳል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ከሩቅ ቀበሌ በሸክም ወይም በአህያ ያመጣች እናት፣ የተረፈውን መልሳ ዳገት ከምትወጣ በተገኘው ዋጋ ሰጥታው ትሄዳለች። ፍሬው በብዛት በሚደርስበት ወቅት ደግሞ ገበያ ድረስ እንኳ ሳይመጣ ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚበሰብሰው ጥቂት አይደለም። ወራት አልፈው ምርቱ ሲቀንስ ያችው እናት ለገዛ ጓዳዋ ጥቂት ሎሚ በውድ ትገዛለች።

በከተማ ያለው ብክነት መልኩ ይለያል። ጭማቂ ቤቶች ብርቱካኑን ጨምቀው ልጣጩን በማዳበሪያ ጆንያ ሞልተው ያወጣሉ፤ ልጣጩም ከቆሻሻ ጋር ይጫናል። የተጣለው ግን ሽታና ጣዕም የሚሰጠው ዘይት የሚገኝበት የፍሬው ክፍል ነው።

ይህን ብክነት ለመቀነስ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ መንገድ አለ፦ ፍሬውን ወይም ልጣጩን አድርቆ፣ ፈጭቶ በዱቄት መልክ ማስቀመጥ። ሥራው በአንድ ቤተሰብ አቅም ይሠራል። ሆኖም በትክክል ካልተሠራ ሻጋታ ያመጣል፤ በተሳሳተ ስሌት ከተገባበትም ያከስራል። ስለሆነም አርሶ አደሩም ሆነ የወረዳ ባለሙያው ዘዴውንና ሒሳቡን አብሮ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ፍሬው እህል ለሆነበት ቤተሰብ

በጣና ሐይቅ ዳር የሚገኘውን የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ለአብነት ማንሳት ይቻላል። በዘጌ ገዳማት ዙሪያ የቆየው ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስን አይፈቅድም። ነዋሪው ለዘመናት ኑሮውን የመሠረተው በደኑ ጥላ ሥር በሚበቅሉት በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ላይ ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ የፍሬው ዋጋ ማለት የጤፉና የበቆሎው ዋጋ ማለት ነው። ሎሚው ሲረክስ ወይም ሲበሰብስ ከሌማቱ ላይ የሚጎድለው እህል ነው።

በመስኖ ብርቱካንና መንደሪን የሚያለሙ አርሶ አደሮችም ቢሆኑ ከዚህ ችግር ውጪ አይደሉም። የሁሉም ዛፍ በአንድ ሰሞን ሲደርስ ገበያው ይጨናነቃል። ገዢ ነጋዴ የሚመርጠው ትልቁንና ልጣጩ ጠባሳ የሌለበትን ነው። ትንሹ፣ በቅርንጫፍ የተፋቀውና ቅርጹ የተዛባው ፍሬ ውስጡ ጤነኛ ቢሆንም ወደኋላ ይቀራል። ለዱቄት የሚሆነው በዋናነት ይህ ወደኋላ የሚቀረው ፍሬ ነው።

በሌሎች አገሮችም የቆየ ልማድ ነው

ሎሚን ማድረቅ አዲስ ግኝት አይደለም። በኦማን፣ በኢራቅ፣ በኢራንና በሌሎች የባሕረ ሰላጤ አካባቢ አገሮች ትንንሽ ሎሚዎችን በጨው ውሃ አፍልቶ በፀሐይ ማድረቅ ከጥንት የመጣ የምግብ ሥርዓት ነው። በዐረቦቹ ዘንድ ስሙም ከእኛው ጋር ተቀራራቢ ሲሆን “ሉሚ” ይሉታል። ደርቆ የጠቆረው ሎሚ ተበስቶ ከነሙሉነቱ ወይም ተፈጭቶ ከሥጋና ከሩዝ ጋር ይበስላል። በእነዚህ አገሮች በሰው ቤት ሲሠሩ ቆይተው የተመለሱ እህቶች ከማዕድ ቤት ያውቁታል። በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ግዛት ደግሞ የመንደሪን ልጣጭ ደርቆ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ዕድሜው በጨመረ ቁጥርም ዋጋው ይጨምራል።

ስንት ሎሚ፣ ስንት ዱቄት?

ወደ ሥራው ከመገባቱ በፊት ሒሳቡ መታየት አለበት። ከሎሚ ክብደት ወደ 89 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ግራም ሎሚ ከነልጣጩ ተቆርጦ ቢደርቅ፣ ፍሬ ዘሩ ሲወጣና በሥራ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ የሚገኘው ዱቄት ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። ይህ ማለት የአንድ ኪሎ ዱቄት ዋጋ ከአንድ ኪሎ ሎሚ ዋጋ 10 እጥፍ ገደማ ካልሆነ፣ ገና ድካሙና ዕቃው ሳይታሰብ ኪሳራ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው። ትኩስ ሎሚ ጥሩ ዋጋ በሚያወጣበት ጊዜ ትኩሱን መሸጥ ይሻላል። ዱቄት የሚያዋጣው ያልተሸጠውን፣ ነጋዴ የማይመርጠውንና የሚጣለውን ለማትረፍ ሲሆን ነው።

ልጣጭ ብቻውን ሲደርቅ ሒሳቡ ይለወጣል። በብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ያለው ውሃ 73 በመቶ ገደማ በመሆኑ፣ ከ1 ኪሎ ግራም እርጥብ ልጣጭ ከ250 እስከ 300 ግራም ደረቅ ልጣጭ ይገኛል። ልጣጩ ደግሞ የተገኘው ጭማቂው ከተጠጣ ወይም ፍሬው ከተበላ በኋላ ነው፤ ተጨማሪ ወጪ አላስወጣም። በመሆኑም ብርቱካንና መንደሪን ለልጣጭ ዱቄት ይመረጣሉ። የአገራችን ትንሹ ሎሚ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ለብቻው ተልጦ ብዙ አይወጣውም፤ እሱን ከነልጣጩ በስሱ ቆርጦ ማድረቅ የተሻለ ነው።

የትኛው ፍሬ ይመረጥ?

ለዱቄት የሚሆነው የበሰለ፣ ጠንካራና ያልፈነዳ ፍሬ ነው። ሻጋታ የነካው ፍሬ የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ቢጣል እንኳ ለዚህ ሥራ አይውልም። አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ ፍሬው ሲደርቅ ወይም ሲሞቅ አይጠፋምና። መሬት ወድቆ የሰነበተውን፣ የፈነዳውንና ትል የገባበትን ፍሬ ለቅሞ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ያስፈልጋል። ይህም ለፍራፍሬ ዝንብ መራቢያ እንዳይሆን ይከላከላል፤ ለቀጣዩ ምርትም ይጠቅማል።

ትልቁ ጥንቃቄ ግን የፀረ ተባይ ኬሚካል ጉዳይ ነው። ብርቱካን ሲበላ ልጣጩ ይጣላል፤ በዱቄት ጊዜ ግን የሚበላው ራሱ ልጣጩ ነው። በዛፉ ላይ የተረጨው ኬሚካል በብዛት የሚቀረውም በልጣጩ ላይ ሲሆን፣ በውሃ ማጠብ ሁሉንም አያስለቅቅም። ስለዚህ በቅርቡ ከተረጨ ዛፍ ልጣጭ መውሰድ አይገባም። በኬሚካሉ ዕቃ ላይ የተጻፈው ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት የቀን ብዛት መጠበቅ አለበት። ምን እንደተረጨ የማይታወቅ ፍሬ ልጣጩ ለዱቄት አይመከርም። ከጭማቂ ቤት ልጣጭ የሚሰበስብ ማኅበርም ፍሬው ከየት እንደመጣ ሳያውቅ መቀበል የለበትም።

አዘገጃጀቱ

ፍሬው በንጹሕ ውሃ እየታሸ ይታጠባል፤ በንጹሕ ጨርቅም ይደርቃል። ቢላዋውና መክተፊያው ሥጋ ወይም ሽንኩርት ያልነካው ቢሆን ይመረጣል።

ለልጣጭ ዱቄት፦ ቀለም ያለው የላይኛው ልጣጭ በስሱ ይላጣል። ከሥሩ ያለው ነጭ ክፍል መራራ ስለሆነ በተቻለ መጠን በቢላዋ ይፋቃል። ምሬቱን የበለጠ ለመቀነስ የሚፈልግ ልጣጩን በፈላ ውሃ ውስጥ ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ነክሮ ማውጣትና ውሃውን ማጥለል ይችላል። ይህ ከሽታውም ጥቂት ይቀንሳል።

ለሙሉ ፍሬ ዱቄት፦ ሎሚው ከነልጣጩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መጠን ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። ፍሬ ዘሩ አንድ በአንድ ይለቀማል፤ ከተፈጨ ዱቄቱን ያመርረዋልና። ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ስሱ ሲደርቅ ወፍራሙ እርጥብ ይቀራል፤ ሻጋታም ከዚያ ይጀምራል።

ሎሚ ሲቆርጡ የዋሉ እጆች ፀሐይ ላይ ከመውጣታቸው በፊት በሳሙና መታጠብ አለባቸው። የሎሚ ጭማቂና የልጣጩ ዘይት ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፤ ጠባሳም ይተዋል።

ማድረቁ፦ ሥራው የሚሳካበት ወይም የሚበላሽበት

በክልላችን ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች ለዚህ ሥራ የሚመቸው ሰማዩ ጥርት የሚልበት የበጋ ወቅት ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ፍሬው ሳይደርቅ ይሻግታል። በክረምት በፀሐይ ለማድረቅ መሞከር ድካምን ማባከን ነው።

መሬት ላይ ወይም መንገድ ዳር ማስጣት አቧራ፣ ዝንብና ዶሮ ይጋብዛል። የተሻለው ቀላል የፀሐይ ማድረቂያ ሳጥን ነው። ከእንጨት የሚሠራ 1 ሜትር በ2 ሜትር ገደማ የሆነ ሳጥን፣ ወለሉ ጥቁር የተቀባ፣ ክዳኑ ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ ከፊት በታች አየር ማስገቢያ፣ ከኋላ በላይ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ያለው ሆኖ ይሠራል። ቀዳዳዎቹ ዝንብ እንዳያስገቡ በወንፊት ይሸፈናሉ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል የሳጥኑ ተዳፋት ወደ ደቡብ ቢዞር የበለጠ ሙቀት ያገኛል። አየር ማስወጫ የሌለው ሳጥን ግን ፍሬውን ይቀቅለዋል እንጂ አያደርቀውም።

ፍሬው ሳይደራረብ በአንድ ረድፍ ይሰጣል። ሰፌድ፣ የእንጨት ቆጥ ወይም ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ለማስጫነት ይሆናል። ሦስት ነገሮች ግን መወገድ አለባቸው። አንደኛው የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ የሎሚ አሲድ በላዩ ላይ ያለውን ዚንክ እየፈታ ከምግቡ ጋር ያቀላቅለዋል። ሁለተኛው የወባ መከላከያ አጎበር ነው፤ አጎበሩ በፀረ ነፍሳት ኬሚካል የተነከረ በመሆኑ ለምግብ ማስጫም ሆነ መሸፈኛ አይሆንም። ሦስተኛው የማዳበሪያ ወይም የኬሚካል ጆንያ ነው።

ተስማሚው ሙቀት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከዚህ ሲበልጥ ቀለሙ ይቡናል፤ ሽታውም ይጠፋል። ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያነጣው በላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል ማድረግ ይረዳል። በቀን ሁለት ጊዜ ይገለባበጣል። ሲመሽ ጤዛ እንዳይነካው ወደ ቤት ይገባል። ጭስ ባለበት ማዕድ ቤት ግን አይቀመጥም፤ ጭስ ይጠጣልና። እንደ ውፍረቱና እንደ ፀሐዩ ከ2 እስከ 4 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

መድረቁ የሚታወቀው በእጅ ነው። ልጣጩ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። ከተለመጠ ገና ነው። የሎሚው ቁራጭ መሐሉ የሚያጣብቅ ከሆነም ገና ነው። ፍተሻው ፍሬው ከቀዘቀዘ በኋላ ይደረግ፤ ትኩስ ሳለ የደረቀው እንኳ ለስላሳ መስሎ ሊታይ ይችላልና።

መፍጨትና ማስቀመጥ

የደረቀው ወዲያው አይፈጭም። በመስታወት ወይም በጥርት ፕላስቲክ ዕቃ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ተሞልቶ፣ ተከድኖ ለአንድ ሳምንት ይቆያል፤ በየቀኑም ይነቀነቃል። በዕቃው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የላብ ጠብታ ከታየ እርጥበት አለ ማለት ነውና ተመልሶ ይሰጣል። ይህን ሳምንት መታገሥ ያቃተው ሰው የወር ድካሙን በሻጋታ ሊያጣ ይችላል።

ከዚያም በሙቀጫ ይወቀጣል ወይም በቡና መፍጫ ይፈጫል። መፍጫው እንዳይግል ጥቂት በጥቂት፣ እያረፉ መፍጨት ይገባል። በርበሬና ቅመም በሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ማስፈጨት የሎሚውን ጣዕም ያጠፋል። ዱቄቱ በወንፊት ይነፋል፤ ያልደቀቀው ድጋሚ ይፈጫል።

የሙሉ ፍሬ ዱቄት ስኳርና አሲድ ስላለው ከአየር እርጥበት ስቦ ቶሎ ይጓጉላል። የልጣጭ ዱቄት በዚህ ረገድ ይሻላል። ሁለቱም አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ከብርሃንና ከምድጃ ርቀው ይቀመጣሉ። በትልቅ ዕቃ አንድ ላይ ከማስቀመጥ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሎ መክደን፣ የተከፈተውን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይመከራል። በዕቃው ላይ የተዘጋጀበት ቀን ይጻፋል። በደንብ የደረቀ ዱቄት ለወራት ይቆያል፤ ጥሩ ሽታው ሳይለቅ ለመጠቀም ግን በ6 ወር ውስጥ መጨረስ ይሻላል። ሻጋታ የታየበት ወይም የሻጋታ ሽታ ያመጣ ዱቄት ሙሉ በሙሉ ይጣላል።

በጓዳ ውስጥ ያለው ጥቅም

አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ የልጣጭ ዱቄት በግምት ሦስት የሻይ ማንኪያ ትኩስ የተፈቀፈቀ ልጣጭን ይተካል። ስለዚህ በጥቂቱ መጀመር ነው፤ ሲበዛ ያመርራል።

ለሻይ፣ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ለአንድ ጀበና ሩብ የሻይ ማንኪያ የብርቱካን ልጣጭ ዱቄት ይበቃል። ለዳቦና ለኬክ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቅሎ ይቦካል። ለዓሣ፣ የሙሉ ሎሚ ዱቄት ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር ተደባልቆ ከመጠበሱ በፊት ይታሻል፤ በጾም ወቅት ሰላጣ ላይም ይነሰነሳል። ከደረቀ ጨው ጋር ተቀላቅሎ የተቀመጠ የሎሚ ዱቄት ለጥብስ ማጣፈጫ ይሆናል።

የማይተካውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ዶሮ ለማጠብ የሚያስፈልገውን ያህል ጭማቂ ከዱቄት አይገኝም፤ ለዚያ ትኩስ ሎሚ ነው የሚያስፈልገው። በ100 ግራም ጥሬ የብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ከ130 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ይገኛል፤ በሚበላው የፍሬው ክፍል ውስጥ ያለው ግን 50 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ሆኖም ቫይታሚን ሲ በሙቀት፣ በብርሃንና በአየር ስለሚቀንስ፣ ደግሞም ዱቄቱ የሚበላው በጥቂቱ ስለሆነ የትኩስ ፍራፍሬን ቦታ አይተካም። ዱቄቱ ማጣፈጫ እንጂ መድኃኒት አይደለም። በሽታ ይፈውሳል ብሎ መሸጥም ተገቢ አይደለም።

ለሰው የማይሆነው ነገር ግን ያልሻገተውና ያልተረጨው የብርቱካን ልጣጭ ደርቆ ለከብት መኖ ይሆናል። ብርቱካን በሰፊው በሚጨመቅባቸው እንደ ብራዚል ባሉ አገሮች የጭማቂ ተረፈ ምርት ደርቆ ለከብት ይቀርባል። ላሟ እስክትለምደው በጥቂቱ፣ ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል።

የወረዳው ድርሻ

ይህ ሥራ በአንድ ጓዳ ሊጀመር ይችላል፤ ገበያ ላይ እንዲወጣ ግን የወረዳው ድጋፍ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ትልቅ ማሽን አይደለም። ገዢው ሳይታወቅና አምራቹ ማድረቅን ሳይለምድ የሚከፋፈል መፍጫ በመጋዘን አቧራ ይለብሳል። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል አንድ የማድረቂያ ሳጥን ሠርቶ በአንድ የበጋ ወቅት ማሳየት፣ የተገኘውን ዱቄት መዝኖ ወጪና ገቢውን ከአርሶ አደሮች ጋር በግልጽ ማስላት ይቀድማል።

ሁለተኛው የርጭት መረጃ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የትኛው ማሳ፣ በምን ኬሚካልና መቼ እንደተረጨ የሚመዘግብ ከሆነ ልጣጩን ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል። ሦስተኛው ማገናኘት ነው። የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራትን ከጭማቂ ቤቶች፣ ከዳቦ ቤቶችና ከሻይ ቤቶች ጋር ማገናኘት ጥሬ ዕቃውንም ገዢውንም ያቀርባል።

አራተኛው የሕግ ጉዳይ ነው። ለቤተሰብ የሚዘጋጅና ታሽጎ ለሽያጭ የሚቀርብ ምግብ አንድ አይደሉም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ የሚቀርብ ምግብ ደኅንነቱ የተጠበቀ እንዲሆን ያስገድዳል። ስለዚህ ለገበያ ለማምረት ያሰበ ማኅበር ስለ ማምረቻ ቦታው፣ ስለ እሽጉና በላዩ ስለሚጻፈው መረጃ ከመጀመሪያው ከሚመለከተው የቁጥጥር አካል ጋር ቢነጋገር በኋላ ከሚመጣ ኪሳራ ይድናል።

አርሶ አደሩ ሙከራውን በትንሹ መጀመር ይችላል። በሚመጣው በጋ ከገበያ የተመለሰውን አንድ ሰፌድ ሎሚ አጥቦ፣ ቆርጦ፣ አድርቆ ማየት በቂ ነው። የሚወጣው ዱቄት ከአንድ ብርጭቆ ላያልፍ ይችላል። ቤተሰቡ ዓሣውን ሲያጣፍጥበት፣ ሻዩን ሲቀምስበትና ዕቃውን ከወር በኋላ ከፍቶ ሻጋታ እንደሌለበት ሲያረጋግጥ፣ ሥራውን ማስፋት ይገባ እንደሆነና እንዳልሆነ ራሱ ይመዝነዋል።